«ጋሼ፣ ስሜ የለም»

ከኮምፒውተር ዕውቀት ሁሉ አብልጬ የምወደው በሁለት ጣት የሚሠራውን ነው። ኮንትሮልን ይዞ ኤፍን መጫን፣ በቃ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ ሳጥን ብቅ ትላለች፤ የፈለጋችሁትን ቃል ትጽፉባታላችሁ፤ ገጹ የቱንም ያህል ቢረዝም ቃሉ ያለበት ቦታ ሁሉ ቀለም ተቀብቶ ይመጣል። ስንት ቦታ እንደተገኘም አጠገቡ በቁጥር ይጻፋል። ኢንተር ወደሚቀጥለው ያሻግራል፤ ሺፍትና ኢንተር አንድ ላይ ወዳለፈው ይመልሳሉ። ማክ ያላችሁ በኮንትሮል ፋንታ ኮማንድን ትይዛላችሁ። በስልክ ክሮም የምትጠቀሙ ደግሞ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ «ፋይንድ ኢን ፔጅ» የሚለውን ትመርጣላችሁ።

ይህን ያህል የምወደው ስም በግድግዳ ላይ ሲፈለግ እያየሁ ስላደግሁ ነው። የፈተና ውጤት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ሰዉ ይጋፋል፤ ከፊት የደረሰው ጣቱን ከላይ ወደ ታች እያንሸራተተ ያነባል፤ ከኋላ ያለው «ፍጠን እንጂ!» ይላል። ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ በጣት ብዛት ይጠቁራል፣ ዳርና ዳሩ ይቀደዳል። ዓይናቸው የደከመ አባት የማያውቁትን ወጣት ክንድ ይዘው «ልጄ፣ እስቲ የኔንም ልጅ ፈልግልኝ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ወጣቱ የራሱን ስም ሳያገኝ የሰው ስም ይፈልጋል። እነዚያ አባት ዛሬ ቢሆኑ የልጃቸውን ስም ቤታቸው ሆነው በአንድ ደቂቃ ያገኙት ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ያውም ሁለቱን ቁልፎች ያሳያቸው ሰው ከተገኘ።

የሚያሳይ ሰው አለመኖሩ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በጊዜው የጉግል ተመራማሪ የነበረው ዳን ራስል፣ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ አንድን ነገር እንዴት እንደሚፈልጉ ቤታቸው ድረስ እየሄደ አጠገባቸው ተቀምጦ ያጠና ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ለአንድ የአሜሪካ መጽሔት እንደተናገረው፣ ካጠኗቸው ሰዎች 90 በመቶው ይህን አቋራጭ አያውቁም። ረጅም ጽሑፍ ከፍተው አንዲት መልስ ለማግኘት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲያነቡ ቁጭ ብሎ ያያል። ኮምፒውተር በየቤቱ በገባበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ኢንተርኔትን በስልክ ብቻ በሚያውቀው በእኛ ሰው ዘንድ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ስለዚህ ለሚሰማኝ ሁሉ አሳያለሁ። ለፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ አሳይቻለሁ፤ ለቢሮ ባልደረቦቼ አሳይቻለሁ፤ ለእህቴ ልጅም አሳይቻለሁ። የዚህ ወግ ጣጣ የሚጀምረው ከእህቴ ልጅ ነው።

እውነተኛ ስሟን ለእሷ ልተውላትና እዚህ ፀሐይ በቀለ እላታለሁ፤ የእውነተኛው ስሟም የፊደል ችግር ልክ እንደዚህኛው ነው። ትምህርቷን ጨርሳ ደብረ ብርሃን እናቷ ዘንድ ሥራ ስትፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አወጣ። ስሙን አላነሳም። አመለከተች። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ለጽሑፍ ፈተና የተጠሩት ሰዎች ዝርዝር ወጣ፤ ፈተናው አዲስ አበባ፣ ያውም በማግስቱ ጠዋት። ሊንኩን በቴሌግራም ያገኘችው አብራት ከተማረች ጓደኛዋ ነው። ዝርዝሩ እጅግ ረጅም ነበርና ያሳየኋትን አስታውሳ ስልኳ ላይ ሦስቱን ነጥቦች ነካች፤ መታወቂያዋ ላይ እንደተጻፈው «ፀሐይ» ብላ ጻፈች። መልሱ ዜሮ ከዜሮ። እንደገና ጻፈች። ዜሮ ከዜሮ።

አመሻሹ ላይ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ስሜ የለም» አለች፤ ከዚያ ወዲያ መናገር አልቻለችም። ስልኩን እናቷ ተቀበለቻት። «ወንድሜ፣ ልጄ ከሰዓት ጀምራ እህል አልቀመሰችም፤ አንተ እስቲ አንዴ እየው» አለችኝ። እህቴ ስለ ኮምፒውተር አንዳች አታውቅም፤ ግን ማሽኑ ካለው ይልቅ ሰው ያለውን ታምናለች። ያን ምሽት ልጅቷን ያዳናት ይህ የእናት ጥርጣሬ ነው።

ዝርዝሩን ከፈትኩ። የፈለግሁት በአባቷ ስም ነው። በቀለ የሚለው ስም ውስጥ ያሉት ሦስቱም ፊደላት መንታ የላቸውም፤ ማንም ሰው፣ የትም ቦታ፣ በምንም ማሽን ሲጽፈው በቀለ ብሎ ነው። የበቀለ ልጆች በዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ናቸው፤ ኢንተርን እየተጫንኩ አንድ በአንድ አለፍኳቸው። ከእነርሱ መካከል «ጸሃይ በቀለ» የሚል አገኘሁ፤ ከአጠገቡ የአያቷ ስም፣ ከአጠገቡ የተመዘገበችበት ቁጥር። የእኛዋ ልጅ ናት! ስደውልላት ያነሳችው በመጀመሪያው ጥሪ ነው።

እዚህ ላይ ምን እንደተፈጠረ በደንብ መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ ይጎዳልና። እኛ ስናነብ ሀ እና ሐ እና ኀ አንድ ናቸው፤ ሰ እና ሠ አንድ ናቸው፤ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። በግእዝ ዘመን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ በአማርኛ አፍ ድምፃቸው አንድ ሆነ፣ መልካቸው ግን ቀረ። ሞክሼ ፊደላት የምንላቸው እነዚህን ነው። ኮምፒውተር ግን ድምፅ አይሰማም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። የዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጣቸው በዩኒኮድ የእኛ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ሲገባ ለእያንዳንዱ መልክ የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ሀ 1200 ነው፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280። ሠ 1220 ሲሆን ሰ 1230 ነው፤ ጸ 1338 ሲሆን ፀ 1340። ለማሽኑ በፀ እና በጸ መካከል ያለው ልዩነት በመ እና በበ መካከል ካለው አያንስም።

ፀሐይ የምትባለውን ስም እንቁጠራት። መጀመሪያው ፊደል ሁለት ዓይነት ይጻፋል፤ ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ተብሎ ስድስት ዓይነት ይጻፋል። ሁለት ጊዜ ስድስት አሥራ ሁለት። ሦስት ፊደል ያላት ስም በአሥራ ሁለት መልክ ትመጣለች፤ ስልኩ አንዱን ፈልጎ ሲያጣ ስለ ቀሩት አሥራ አንዱ ምንም አይናገርም። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ብንወስድ ኃ ስድስት፣ ሥ ሁለት፣ ሴ ሁለት፣ ተባዝቶ ሃያ አራት ይሆናል፤ አንድ ላይ ተጣብቆ ወይም ተለያይቶ መጻፉ ሲጨመርበት አርባ ስምንት። ይህ ሁሉ ጸሐፊው «ኃ/ሥላሴ» ብሎ በእዝባር ሳያሳጥረው ነው! ገ/መድኅን፣ ተ/ሃይማኖት፣ ወ/ማርያም እያሉ ማሳጠር የቢሮዎቻችን የኖረ ልማድ ነው፤ ወረቀት ላይ ቦታ ይቆጥብ ነበር፣ ስክሪን ላይ ግን ሰው ይደብቃል።

ሌሎች ቋንቋዎች ይህን ችግር ተገላግለዋል። በእንግሊዝኛ በትንሹ ፊደል ብትጽፉ ትልቁንም ያገኝላችኋል። በፈረንሳይኛ ፊደሉ አናት ላይ ያለችውን ጭረት ትታችሁ ብትፈልጉ ክሮም ባለ ጭረቱን ቃል ያመጣላችኋል። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች፣ የሚፈልገው ሰው ሐሳብ ከፊደሉ መልክ እንደሚበልጥ ተረድተውላቸዋል ማለት ነው። ለእኛ ሞክሼዎች ግን ብራውዘሮቻችን ይህን አላደረጉልንም። ማድረጉ የማይቻል አይደለም፤ የትኛው ፊደል የትኛውን እንደሚተካ የሚያሳይ አጭር ሠንጠረዥ ነው የሚፈልገው። ፕሮግራም የምትጽፉ ወጣቶቻችን ይህን ሥራ እንደ ትንሽ ነገር እንዳታዩት እለምናችኋለሁ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ወጥታ በመጀመሪያው መኪና መጣች፤ ተቀብያት ወደ ፈተናው ቦታ ሄድን። በሩ ላይ ዝርዝሩን የያዘው ሰው መታወቂያዋን ተቀበለና ወረቀቱን አየ፣ መታወቂያውን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ።

«እዚህ ያለው ጸሃይ ነው። መታወቂያሽ የሚለው ግን ፀሐይ ነው።»

«አንድ ነው እኮ ወንድሜ» አለችው።

«አንድ ከሆነ ለምን አንድ ዓይነት አልተጻፈም? እኔ ነኝ የምጠየቀው!»

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ፈርቶ ነው። በሌላ ሰው ስም የሚፈተን እንዳይገባ ተብሎ የተሾመ ሰው፣ ሁለት ወረቀት ሳይስማማ ሲያይ ቢፈራ አይፈረድበትም። እዚያው ጥግ ላይ መታወቂያው «ተክለ ሃይማኖት»፣ ዝርዝሩ «ተ/ሃይማኖት» የሚልበት ጎረምሳ እንደ እኛው ቆሟል። በመጨረሻ አንዲት አስተባባሪ ሴትዮ መጡ፤ ስሙን ትተው የምዝገባ ቁጥሩን አስተያዩና «ሁለቱም ይግቡ» አሉ። ቁጥሩ ሞክሼ የለውም።

ውጭ ቆሜ ስጠብቅ ከልቤ ያልወጣው በር ላይ የተንገላቱት ጉዳይ አይደለም፤ እነርሱስ ደርሰዋል። ያሳሰበኝ ስልካቸው ዜሮ ከዜሮ ብሏቸው እቤታቸው የቀሩት ናቸው። በየገጠሩ ዓመተ ወርቅ፣ ኃይሉ፣ ሠናይት፣ ፀጋዬ፣ ሐና የሚባል ሰው አለ፤ እነዚህ ሁሉ ስማቸው ውስጥ ሞክሼ አለ። ስሙ በትክክል ተጠርቶ፣ ወንበር ተዘጋጅቶለት፣ «የለህም» ስለተባለ ብቻ የቀረ ሰው መኖሩን እንኳ ማንም አያውቅም፤ «ቀሪ» ተብሎ ይታለፋል። የእህቴ ልጅ ያን ፈተና አላለፈችም። ተፈትኖ መውደቅ ግን ያለ ነው፤ ሰው ተነሥቶ ሌላ ይሞክራል። ሳይፈተኑ መቅረት ነው የሚያንገበግበው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን በየቦታው ማየት ጀመርኩ። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት ታላቅ መዝገበ ቃላት ርእሱ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው። የዛሬ ተማሪ «አዲስ የአማርኛ» ብሎ ቢፈልገው አያገኘውም፤ የመጀመሪያው ቃል በዓይኑ ዐ ተጽፏል፣ በሁለተኛው ቃል ውስጥ አ በያ ተውጧል። ደራሲው ሥርዓቱን አውቀው፣ ተጠንቅቀው የጻፉት ነው። ተማሪውም እንደ ዘመኑ ልማድ ነው የጻፈው። ሁለቱም ጥፋት የለባቸውም፣ ግን አይገናኙም።

አንድ ጠበቃ ወዳጅ አለኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ብዙ ይይዛል። አንድ ቀን ቢሮው ብሄድ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከፍቶ በእንግሊዝኛ ሲፈልግ አገኘሁት። ነጋሪት ጋዜጣ እንደሚታወቀው ባለ ሁለት ዓምድ ነው፤ በግራ አማርኛው፣ በቀኝ እንግሊዝኛው። «ደንበኛህ አማርኛ ተናጋሪ፣ ዳኛው በአማርኛ የሚፈርድ፤ አንተ ለምን በእንግሊዝኛ ትፈልጋለህ?» አልኩት። «ዓመት በዓይኑ ይሁን በአልፋው፣ ዕረፍት ይሁን እረፍት ወይም ፈቃድ፣ እሱን ስሞክር ሰዓቴ ያልቃል። በእንግሊዝኛው እገባና አንቀጹን ካገኘሁ በኋላ ወደ ግራ ዞሬ አማርኛውን አነባለሁ» አለኝ። በዚህ መንገድ ነው ለአንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ዕረፍት እንደሚገባው የሚናገረውን አንቀጽ ያገኘው። ብልሃቱን አደነቅሁለት፤ ግን አዘንኩ። እንግሊዝኛ የማያነበው ሠራተኛ ስለ ራሱ ዕረፍት የሚናገረውን ሕግ በራሱ ቋንቋ ፈልጎ ለማግኘት የጠበቃውን ያህል ዕድል የለውም።

የቆዩት ጋዜጦች ደግሞ ከዚህ ይብሳሉ። ነጋሪት ጋዜጣ መውጣት የጀመረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከቀድሞዎቹ ኢንተርኔት ላይ የምናገኛቸው ብዙዎቹ ስካን የተደረጉ ናቸው። ስካን ፎቶግራፍ ነው፤ ለዓይን ፊደል ይመስላል፣ ለማሽኑ ግን ጥቁርና ነጭ ነጥብ እንጂ ቃል የለበትም። በሌላ በኩል ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የተጻፉ ፋይሎች አሉ። እነዚያ ፎንቶች የላቲን ፊደል ቁጥር ላይ የእኛን ፊደል ሥዕል የደረቡ ነበሩ። ስታነቡት ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ አንዷን ቃል ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ስታስቀምጧት ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ትሆናለች። እንዲህ ያለ ፋይል ውስጥ ኮንትሮል ኤፍ ብትሉ እስከ ነገ ዜሮ ነው።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ለሰው ሳሳይ ሁለቱን ቁልፎች ብቻ አሳይቼ አልተውም። መጀመሪያ፣ ጽሑፉ እውነተኛ ጽሑፍ መሆኑን ፈትኑ እላለሁ፦ በማውስ ወይም በጣት አንዲት ቃል ለመምረጥ ሞክሩ፤ ካልተመረጠች ምስል ነው፣ ፍለጋው አይሠራምና በዓይን ማንበብ ግድ ነው። ቀጥሎ፣ መንታ በሌለው ፊደል ፈልጉ። የእናንተ ስም ሞክሼ ካለበት በአባታችሁ፣ የእርሱም ካለበት በአያታችሁ፣ ከሁሉ በላይ በምዝገባ ቁጥር።

ቀጥሎ፣ ቃሉን ከመጨረሻው ፊደል በፊት አቁሙት። በአማርኛ ቃል ሲረባ መጨረሻው ፊደል ይለወጣል፤ «ፈቃድ» ብላችሁ ብትፈልጉ «የፈቃድ» እና «በፈቃድ» ይመጣሉ፣ «ፈቃዱ» እና «ፈቃዶች» ግን አይመጡም። «ፈቃ» ብላችሁ ብታቆሙ ሁሉም ይመጣሉ። «መምህ» ብትሉ መምህሩም መምህራኑም ይገኛሉ። በጣም ማሳጠር ግን ሌላ ጣጣ አለው፦ «ወር» ብሎ የፈለገ ሰው ወርቁንም ወርዱንም ሲዘረግፍበት ይውላል። በመጨረሻም፣ ጸሐፊው ቃሉን እንዴት እንደሚጽፈው ካላወቃችሁ ገጹ ላይ አንዴ በዓይናችሁ ፈልጋችሁ ኮፒ አድርጉትና ሳጥኗ ውስጥ ለጥፉት፤ በራሱ በጸሐፊው ፊደል ትፈልጋላችሁ ማለት ነው። ዝርዝሩ በብዙ ገጽ የተከፋፈለ ከሆነ ደግሞ ፍለጋው የሚያየው የተከፈተውን ገጽ ብቻ መሆኑን አትርሱ።

ፊደላችን ይቀነስ ወይስ ይቆይ የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ እኔ በበኩሌ አንዷም ፊደል እንድትጠፋ አልፈልግም። ፀሐይ በፀና በሐ ስትጻፍ ከግእዝ የመጣችበት መንገድ ይታያል። ፊደሉን የወረስነው ከነሙሉ ሀብቱ ነው፤ መስተካከል ያለበት ፊደሉ ሳይሆን ማሽኑና የማሽኑ ተጠቃሚ ነው።

ስለዚህ የስም ዝርዝር የምታወጡ መሥሪያ ቤቶች ሆይ፣ የሰውን ስም ራሱ ባመለከተበት ፊደል ጻፉለት፤ በእዝባር አታሳጥሩት፤ የምዝገባ ቁጥሩን ከጎኑ አኑሩ፤ ዝርዝሩን በፎቶ ሳይሆን በጽሑፍ ልቀቁት። ይህ አንድ ብር አያስወጣችሁም። አንባቢዬ ሆይ፣ አንተም አንቺም፣ ነገ ዝርዝር ከፍታችሁ ስልካችሁ ዜሮ ከዜሮ ቢላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ማሽኑ የነገራችሁ እናንተ በጻፋችሁት ፊደል እንዳልተጻፈ ብቻ ነው። በአባታችሁ ስም ፈልጉ፣ በቁጥራችሁ ፈልጉ፣ ካልሆነም ከላይ እስከ ታች አንብቡት። ካነበባችሁ በኋላ ከሌለ፣ ያን ጊዜ የለም።